ደረቅ ወንዝ

ከአርዳ ወንዝ ማዶ፣ ጉም ሳይነሣ ገና፣
አጎቴ ስታመን ብስክሌቱን አቀና።
የኔዋ አዲስ ናት፣ እንደ ላባ ቀላል፣
ዕዳዋ ከፕሎቭዲቭ ወገቤን ያጎብጣል።
የሱዋ አሮጌ፣ ብየዳ የበዛባት፣
ፋኖሷን በሽቦ ከመሪዋ ያሰራት።
«ስንት ነፋኸው?» አለኝ፤ ጎማዬን ነቀነቀ፤
ቁጥሩን ስነግረው ከት ብሎ ሣቀ፤
በአውራ ጣቱ ጫን አርጎ ጥቂት አስተነፈሰው፤
«ኮረኮንች አይወድም የተወጠረ ሰው።»

ካንዲት ቤት አጥር ሥር አስፋልቱ አለቀበት፣
የትንባሆ ቅጠል ከሚሰቀልበት።
«ስታመን! ዘንድሮም?» አለች አንዲት ሴት።
«ዘንድሮም» አለ እሱ፣ ዞር ብሎ ሳያያት።
ዘንድሮም ምን? አልጠየቅኩም።
ዳገት ላይ ጥያቄ ትንፋሽ ይበላል።

ከዚያ ወዲያ እንግዲህ ድምፅ ብቻ ነው መንገዱ፤
ከጎማችን በታች ጠጠሮች ሲናዱ፣
ኮረሽም ኮረሽም፣ እንደ ገብስ ቆሎ፤
ከታች ወንዙ ያማል፣ ሐሜቱን ቀጥሎ።
በስተግራ ሮዶፒ ጥዱን ደርቦ ለብሶ፣
ብርሃን በወንፊት ያወርዳል ቀንሶ፤
ገደሉ ሥር ድልድይ፣ ከጥንት ተገንብታ፣
እንደ ተገረመ ሰው ቅንድብ ወደ ላይ ወጥታ።
እኔ ማርሽ ስቀያይር፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ስል፣
እሱ ባንድ ማርሽ ይገፋል፤ ጭራሽ ያፏጫል።
ስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ።

ካንዱ ኩርባ ላይ ወረደ፣ አንዲት ጠጠር አነሣ፤
እንትፍ ብሎ አሸት ሲያረጋት ከአቧራዋ ተነሣ
አረንጓዴ ቀለም፣ እንደ እንቁራሪት ጀርባ።
«ከየት ትመስልሃለች?»
«ከተራራው።»
«ከወንዙ! እኔና ዩመር ነን፣
እሱ በጭነት መኪና፣ እኔ በዳምጠው፣ ሁለት በጋ ለፍተን፣
የአርዳን ሆድ ዘግነን እዚህ ድረስ ያወጣን።
አንተ ዳገት ያልከው፣ ወንዝ ነው ሽቅብ የሄደ፤
በዓለም ብቸኛው ወንዝ፣ ቁልቁለት ያልወደደ።»

ከድንጋይ ላይ ተቀመጠ።
«ዩመር ቀልደኛ ነበር። አንዴ እንቅልፍ ተጫጭኖት፣
ጭነቱን መልሶ እዚያው ወንዝ ገለበጠው በድንገት፤
ሁለት ሰዓት ሣቅን። አለቃችን ግማሽ ደሞዝ ቀጣን፤
እንደገና ሣቅን።

ኋላ ክፉ ዓመት መጣ። ‹ስምህን ለውጥ› አሉት፤
በወረቀት ላይ ሌላ ሰው አረጉት።
አንድ ቀን ሰው ፊት፣ ፈርቼ፣ በዚያ ስም ጠራሁት።
ዞሮ አየኝ። አልተቆጣም። ያንን ነው ያልቻልኩት።
በበጋው ፍራሹን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን ጫነ፤
በዚህችው መንገድ ላይ ሄዶ ሄዶ አቧራ ሆነ።
እኔ ነኝ የዳመጥኩለት፣
እንዳይንገጫገጭ ሲሄድ።»

ጥዱ ላይ ግንደ ቆርቁር እየደጋገመ ይመታል።
«ቡርሳ ገባ አሉ» አለኝ። «ደብዳቤ?
እኔም አልጻፍኩ፣ እሱም።»
ጠጠሯን እጄ ላይ አኖራት፤ ኪሴ ከተትኳት።
በየዓመቱ፣ በዚህ ቀን፣ እስከ በሩ ጫፍ ይወጣል፤
ድንበሩን ከሩቅ ያየዋል፤
ዳቦውን በአይብ ይበላል፤
ይመለሳል።
ዘንድሮም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ መዳፌ ደነዘዘ፣
የጠጠሩ ንዝረት አጥንቴን ወዘወዘ፤
የሁለት ወጣቶች በጋ፣ አካፋና ላባቸው፣
ከሥሬ ይንጫጫል፤ አሁን ነው የሰማኋቸው።

ማታ ወንዙ ዳር ደርሰን ጭቃችንን ስናጥብ፣
ጠጠሯን፣ ቤቷ ትግባ ብዬ፣ ውሃው ላይ ልጥላት ሳስብ፣
እጄን ያዘኝ።
«ነገ መልሳት፣ ካነሣኋት ኩርባ።
መንገዱ ጥርሱን እያጣ ነው፣ ጎርፍ እየገባ።
ድንገት የመጣ እንደሆን...»

አልጨረሰም።
ፋኖሱን አበራ፤ ሽቦው ላልቶ ነበር፤
ብርሃኑ ከፊታችን ሄደ፣
እየዘለለ፣ ጠጠር በጠጠር።